«ዘሯ ነው» ከማለታችን በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዳንግላም ሆነ በሞጣ የከብት ገበያ፣ ሦስት ዓመት አልፏት ኮርማ ያልፈለገች፣ ቁመቷ ያጠረ ዲቃላ ጊደር ስትቀርብ ሻጩም ገዢውም የሚሉት አንድ ነው፤ «ዘሯ ነው»። አዳቃዩ ይታማል፣ የመጣው የኮርማ ዘር ይታማል፤ አንዳንዴም «የፈረንጅ ከብት ለእኛ አገር አይሆንም» እስከ ማለት ይደረሳል። ስለ ዝርያ ማሻሻል በጋዜጣም በግብርና መድረክም ብዙ ይነገራል። ጥጃዋ በእናቷ ማህፀን ሳለችና በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምን እንዳገኘች የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በጎጃም በእንስሳት እርባታና በመኖ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለዚህ ነው። ጥሩ ዘር ያላት ጥጃ ዘሯ ተኝቶባት ልታድግ ትችላለች። ብዙውን ጊዜ የሚያስተኛው የምግብ እጦት ነው፤ መከላከያውም ከገበሬው ደጅ አይርቅም።

ጎጃም የማር አገር ነውና ከቀፎ እንነሣ። አውራዋና ሠራተኛዋ ንብ የሚፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። ሁለቱም እጮች የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ያህል ሞግዚት ንቦች ከእጢያቸው የሚያመነጩትን ነጭ ምግብ ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛዋ ማርና የአበባ ብናኝ ይቀላቀልባታል፤ ለአውራዋ ግን ያው ነጩ ምግብ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። አውራዋ በ16 ቀን ገደማ ትወጣለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ዓመታት ትኖራለች። ሠራተኛዋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ትወጣለች፤ በሥራ ወቅት ከጥቂት ሳምንታት በላይ አትቆይም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ በእጮቹ ውስጥ ዘረመልን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰውን የሰውነት መመሪያ፣ የሚያስተኛውን ኢንዛይም ሲያዳክም አብዛኞቹ እጮች ወደ አውራነት እንደሄዱ አሳይቷል። አውራ የሚያረቡ ንብ አናቢዎች ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ የሚዛወረው እጭ አንድ ቀን ገደማ የሆነው ነው። 3 ቀን ያለፈው እጭ የአውራ ቤት ውስጥ ቢገባ እንኳ የምትወጣው አውራ ትንሽና እንቁላሏ የሳሳ ትሆናለች። ምግቡ ያው ነው፤ ሰዓቱ አልፏል።

በከብትም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ድጓ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የግዕዙ ቃል ተጽፎ ከበላዩ በደቃቅ ፊደል ምልክት ይሰፍራል። ቃሉ አይለወጥም፤ ዜማው እንዲህ ወይም እንዲያ የሚሆነው በምልክቱ ነው። በእያንዳንዱ የጥጃዋ ህዋስ ውስጥ ያለው፣ ዘረመሎቿ የተጻፉበት ዲ ኤን ኤ እንደ ቃሉ ነው። ሜቲል የሚባል በጣም ትንሽ የኬሚካል ቁራጭ በአንድ ዘረመል መነሻ ላይ ሲለጠፍ ያ ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ዲ ኤን ኤው የተጠመጠመበት ሂስቶን የተባለው ፕሮቲን ሲላላ ደግሞ ዘረመሉ ይነቃል። ይህን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ገበሬውን የሚመለከተው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሜቲሉ የሚመጣው ከምግብ ነው። ሜቲዮኒን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል፣ ከኮሊን፣ ከፎሌትና ከቫይታሚን ቢ 12። ምልክቶቹ በብዛት የሚጻፉትም ጽንሱ ሲጀመርና አካላቱ ሲሠሩ ነው።

በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እናት በጎችን በጽንስ መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ቢ 12፣ ፎሌትና ሜቲዮኒን አሳነሳቸው። ጽንሶቹ ገና 6 ቀናቸው ሳለ በደንብ ወደተመገቡ ሌሎች በጎች ማህፀን ተዛወሩ። ግልገሎቹ በተለመደው ክብደት ተወለዱ። ካደጉ በኋላ ግን ስብ በዛባቸው፤ በተለይ ወንዶቹ ስኳርን በአግባቡ መጠቀም አቃታቸው፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። ዲ ኤን ኤያቸው ሲመረመር የሜቲሉ ምልክት በብዙ ቦታ ተለውጦ ተገኘ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ 110 ቀናት ከሚያስፈልጋቸው 60 በመቶውን ብቻ የበሉ ላሞችን ተከታተለ። የተወለዱት ሴት ጥጆች በክብደት ከሌሎቹ አላነሱም፤ በእንቁላል ማቀፊያቸው የታዩት የእንቁላል ከረጢቶች ግን በ60 በመቶ ያህል ያነሱ ነበሩ። ደህና መስላ ተወልዳ በኋላ አልይዝ የምትል ጊደር ስታጋጥም ይህ መታሰብ አለበት። የልደት ክብደት ሁሉን አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንናገር። የተጎሳቆለች ጥጃ ችግር ሁሉ የምልክት ችግር አይደለም። አንዳንዱ የቁጥር ጉዳይ ነው። የበግና የከብት የጡንቻ ክሮች ብዛት የሚወሰነው ከልደት በፊት ነው፤ ከልደት በኋላ ክሩ ይወፍራል እንጂ አይጨመርም። በማህፀን ያነሰው ክር በኋላ በፋጉሎ፣ ከተጨመቀ የቅባት እህል በሚቀረው መኖ፣ አይመለስም። ለገበሬው ውጤቱ ከምልክቱ ችግር ጋር ስለሚመሳሰል አብረን እናየዋለን።

አሁን የጎጃምን የመኖ ዓመት ከላሟ እርግዝና ጋር እናስተያየው። ላሞቻችን በብዛት ኮርማ የሚፈልጉት በክረምቱ ሣር ሲያገግሙ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ጥቅምት 15 የያዘች ላም 283 ቀን ያህል ተሸክማ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። የጽንሱ ጡንቻ በብዛት የሚሠራበት ከ3ኛው እስከ 7ኛው ወር ያለው ጊዜ ከጥር አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይውላል። የጽንሱ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚጨመርባቸውና እንገሩ የሚዘጋጅባቸው የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ያሉት ናቸው። ማለትም ቃርሚያው ያለቀበት፣ የጭዱ ክምር ወደ ምሰሶው የወረደበት፣ በግጦሹም ከአፈር በስተቀር የሚነጭ የሌለበት ጊዜ። ግጦሽ ለእርሻ በታረሰበት፣ እንደ ፋግታ ለኮማ ባሉ ወረዳዎች ደግሞ መሬቱ ለከሰል ግራር በዋለበት አካባቢ ሁኔታው ይብሳል። የጤፍ ጭድ ከ100 እጁ 4 ወይም 5 ያህሉ ብቻ ፕሮቲን ነው። በጨጓራ ያሉት ደቂቅ ሕዋሳት ሥራቸውን ለመሥራት ቢያንስ 7 ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሆዷ በጭድ የተወጠረ ላም የጠገበች ትመስላለች እንጂ ጽንሷ ይራባል።

ማስተካከያው ይህን ያህል ነው። ክብደቷ 250 ኪሎ ገደማ ለሆነ የአገር ላም ከ4ኛው እስከ 7ኛው ወር በቀን ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት 1 ኪሎ ፋጉሎና 1 ኪሎ ፉርሽካ ይሰጣት። ሲደመር ለአንድ እርግዝና እስከ 150 ኪሎ ፋጉሎና 90 ኪሎ ፉርሽካ ይሆናል። ፋጉሎው ዋጋው ሳይንር፣ ኑግ በሚጨመቅበት ወቅት ቢገዛ ይሻላል። በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል፣ ጉበትም ይጎዳል። የሻገተውን ለእርጉዝና ለጥጃ ከመስጠት መጣል ይበጃል። ፋጉሎ መግዛት የማይቻልበት ቤት በደጋ ትሪ ሉሰርን፣ በወይና ደጋ ሰስባኒያ የተባሉትን የመኖ ዛፎች በአጥርና በእርከን ላይ ይትከል። የእነዚህ ቅጠል ፕሮቲኑ ከጤፍ ጭድ አራት እጥፍ ይደርሳል።

ጭዱንም ማከም ይቻላል። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ጨርሶ እስኪሟሟ ይበጠበጣል። በላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ጭዱ በ20 በ20 ኪሎ ይነጠፍና በእያንዳንዱ ንጣፍ ላይ 16 ሊትር እየተረጨ በደንብ ይረገጣል። ከዚያ ላስቲክ ይሸፈንና በአፈር ይታፈናል። በሞቃት አካባቢ 21 ቀን፣ በጮቄ ዙሪያ ባለው ብርድ እስከ 5 ሳምንት ይቆያል። የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው፦ ካልተረገጠ አየር ገብቶ ይሻግታል፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ጭዱን የሚያክመው፣ ከዩሪያው የሚወጣው የአሞኒያ ጋዝ ያመልጥና ጭዱ ያው ጭድ ሆኖ ይቀራል፤ ዩሪያው ካልሟሟ ደግሞ እንክብሉን የለቀመች ላም ትመረዛለች። በደንብ የታከመ ጭድ ወደ ቡናማ ይጠጋል፣ ይለሰልሳል፣ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ አለው። የዕለቱ ድርሻ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሌሊት ይናፈስ። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አይሰጥ። በቀን 6 ኪሎ ለምትበላ ላም የ3 ወሩ ጭድ 540 ኪሎ፣ ዩሪያው 27 ኪሎ ይሆናል። ለማዳበሪያ ከሚገዛው ላይ ይህን ያህል ማትረፍ ለብዙ ቤት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ እርጉዟን ላም ብቻ ለይቶ ማብላት ግን ይቻላል።

ስለ ቢ 12 የተነገረውን ሰምቶ ቫይታሚን ለመግዛት የሚሮጥ እንዳይኖር። የሚያመነዥክ እንስሳ ቢ 12ን የሚያገኘው በጨጓራው ካሉት ደቂቅ ሕዋሳት ነው፤ እነሱም ለመሥራት ኮባልት ያስፈልጋቸዋል። ኮሊን በዱቄት መልክ ቢሰጥም በጨጓራ ውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚጠቅመው በቂ ፕሮቲንና ኮባልት፣ ዚንክ፣ መዳብና ፎስፈረስ ያለበት የሚላስ ማዕድን ነው። አሞሌ ጥሩ ነው፤ ግን ጨው ነው፣ ይህን ሁሉ አይተካም። ጥንቃቄ፦ ለከብት የተዘጋጀ መዳብ የበዛበት ማዕድን ለበግ አይሰጥ፤ በግ በመዳብ ትመረዛለች።

«ላሟን ካበላኋት ጥጃው ይገዝፍና መውለድ ያቅታታል» የሚል ስጋት በብዙ ቦታ አለ። ምጥ የሚያስቸግረው በዋናነት ትንሽ ጊደር ከትልቅ ኮርማ ስትዳቀል ነው። ማስራብ ጥጃውን በጥቂቱ ቢያሳንሰውም እናቲቱን ለማማጥ ጉልበት ያሳጣታል፣ እንገሯንም ያሳሳዋል። ከልክ በላይ የሰባች ላምም እንደምትቸገር አንክድም፤ በእኛ አገር የሚያዝያ ግጦሽ ግን የምትሰባ ላም ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ወደ እንገር እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። የላም የእንግዴ ልጅ በሽታ ተከላካዩን አካል ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። እንቦሳው ባዶ እጁን ይወለዳል፤ መከላከያው ሁሉ በእንገሩ ውስጥ ነው። እንገሩ ከዚህ በላይ ኢንሱሊንና ሌሎች እድገት አዛዥ ሆርሞኖች አሉበት። አንጀቱ እንዲሰፋና የምግብ መምጠጫው እንዲሠራ ዘረመሎቹን የሚቀሰቅሱት እነዚህ ናቸው። እንገር ባገኘ ጥጃ አንጀትና በሱ ፋንታ ተራ ወተት በጠጣ ጥጃ አንጀት ውስጥ የነቁት ዘረመሎች አንድ አይደሉም። የአንጀቱ በር ከ6 ሰዓት በኋላ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ይዘጋል። 25 ኪሎ የሚመዝን እንቦሳ በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ 2 ሊትር ተኩል፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ሌላ 1 ሊትር ከሩብ ሊያገኝ ይገባል።

በአንዳንድ ቤት ግን እንገሩ «ሆድ ያበላሻል» ተብሎ ይታለባል፤ ወይም የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ጥጃው ይታሰራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጥጃው ሲጠባ በእናቲቱ ደም የሚለቀቀው ሆርሞን ማህፀኗን እያኮማተረ የእንግዴ ልጁ እንዲወርድ ያግዛል። ተፈልቶ ለቤተሰብ የሚቀርበው እንገር ከሁለተኛው ቀን ይሁን፤ የመጀመሪያው ቀን የጥጃው ነው። ደካማ እንቦሳ ራሱ መጥባት ካልቻለ ታልቦ በጡጦ ይሰጠው። አንገቱን ወደ ላይ አንጋጥጦ በጠርሙስ ማንቆርቆር ወተቱን ወደ ሳንባ ይወስደዋል፤ ጥጃውም በዚህ ሳቢያ በሳል ሊሞት ይችላል።

ከዚያ ያሉት 60 ቀናት የጡት ህብረ ህዋስ መሠረት የሚጣልባቸው ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆልስታይን በተባሉ የወተት ዝርያ ከብቶች ላይ ባወጡት ጥናት ጥጃ ጡት ከመጣሏ በፊት በቀን በአማካይ ለጨመረችው ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ በመጀመሪያው የወተት ዘመኗ 850 ኪሎ ተጨማሪ ወተት ታይቷል። ቁጥሩ ለፎገራ ላም ዲቃላ እንዳለ አይሠራም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። 25 ኪሎ ለሆነች ጥጃ 2 ሊትር ተኩል ወተት ነፍሷን ያቆማል እንጂ ብዙ አያሳድጋትም። 4 ወይም 5 ሊትር ያስፈልጋታል። ዲቃላ ላም ያለው ሰው ጠዋት 2፣ ማታ 2 ሊትር፣ ከ10ኛው ቀን በኋላ ሁለት ሁለት ተኩል፣ በላሟ ሰውነት ሙቀት ይስጥ። የአገር ላም ወተቷ ጥቂት ስለሆነ ለሁለት ወር ሁለቱን ጡት ሳይነኩ ለጥጃዋ መተው ይሻላል። የቀዘቀዘ ወተት፣ ያልታጠበ ባልዲና የተዛባ ሰዓት ተቅማጥ ያመጣሉ። ጥጃዋ ስትቀዝን ብዙ ሰው ወተቱን ያቋርጣል፤ ይህ ረሃብ በሕመም ላይ መጨመር ነው። ወተቱ ይቀጥል፣ በመካከሉ ኦ አር ኤስ ይሰጣት።

ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ንጹሕ ውሃና ጥቂት የተከካ እህል ይቅረብላት። የምትጠጣው ወተት በልዩ መስመር አልፎ ወደ አራተኛው የጨጓራ ክፍል ስለሚወርድ ትልቁን ጨጓራ አያርሰውም። እህሉ በዚያ ሲብላላ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይወጣል። ይህ አሲድ የጨጓራውን ግድግዳ ይመግባል፤ ከላይ የተናገርነውን ሂስቶንም በማላላት የተኙ ዘረመሎችን ያነቃል። ፎጣ መሰሉ የጨጓራ ግድግዳ የሚበቅለው በዚህ ነው። ድርቆሽና ጭድ ብቻ የበላች ጥጃ ሆዷ ይንዘረጠጣል፣ ግድግዳው ግን ራቁቱን ይቀራል። ድብልቁ ከ100 ኪሎ ውስጥ የተከካ በቆሎ 45፣ የኑግ ፋጉሎ 30፣ ፉርሽካ 23፣ ጨው 1፣ ማዕድን 1 ቢሆን ፕሮቲኑ ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። ወተት የምታቆመው ከዚህ ድብልቅ በተከታታይ 3 ቀን ቢያንስ 700 ግራም ስትበላ እንጂ ቀን ተቆጥሮ አይደለም። ከ3ኛው እስከ 9ኛው ወር ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድ ያስቀጣል፤ በአተላና በእህል የሰባች ጊደር ጡቷ በስብ ይሞላል።

በበግ ነገሩ አጭር ነው። የዋሸራ በግ 150 ቀን ያህል ትሸከማለች፤ ከግልገሉ ክብደት 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። ለዚያ ጊዜ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ፋጉሎና ፉርሽካ ይበቃታል። ጫጩት ደግሞ ቀኖቿ ከሁሉ ያጥራሉ፤ ከተፈለፈለች በኋላ 48 ሰዓት ያልበላች ጫጩት የደረት ጡንቻ ህዋሶቿ መባዛታቸው ይጓደላል። እንደደረሰች ውሃ፣ ወዲያው በወረቀት ላይ የተበተነ መኖ ይቅረብላት። በማግስቱ አንገቷ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ሲዳሰስ ባዶ ከሆነ ሙቀቱ ወይም መኖ ማቅረቢያው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ምግብ የሌለውን ዘር አይፈጥርም፤ የአገር ላም በፋጉሎ ሆልስታይን አትሆንም። ያለው ዘር እስከ ጥጉ እንዲሠራ ግን ያስችለዋል። ስለዚህ የክልሉና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ነገር እንዲያስቡበት እንጠይቃለን። አንደኛው የማዳቀል ዘመቻው ወቅት ነው። እንደ ቆጋ መስኖ ያለ አረንጓዴ መኖ በበጋ ሊመረትበት በሚችል ቦታ ላሞች በጥር ቢዳቀሉ በጥቅምት ይወልዳሉ። የእርግዝናው የመጨረሻ 3 ወር በክረምቱ ሣር ላይ ይውላል፤ እንቦሳውም ከጭቃና ከዝናብ ያመልጣል። የመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ግን በበጋ ስለሚወድቁ የመስኖው መኖ ያኔ ለላሟ መድረስ አለበት፤ አለዚያ ችግሩን ከአንድ ወር ወደ ሌላ ወር ማዛወር ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው የማዳቀያ ካርዱ ነው። አሁን የሚመዘገበው የኮርማው ቁጥርና የተዳቀለችበት ቀን ነው። አራት መስመር ይጨመርበት፦ ላሟ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት የተሰጣት ተጨማሪ መኖ በኪሎ፣ እንቦሳው የመጀመሪያውን እንገር ያገኘበት ሰዓት፣ የልደት ክብደት፣ የ60ኛው ቀን ክብደት። ሚዛን በሌለበት የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ይበቃል፤ ከፊት እግሮቿ ኋላ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ከመጥባቷ በፊት ይለካ። በ60ኛው ቀን የልደት ክብደቷን እጥፍ ያልሞላች ጥጃ በኋላ ወተቷ ጥቂት ቢሆን ጥፋቱ በኮርማው ላይ አይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎጃም የሚገኙ የእንስሳት እርባታና የመኖ ባለሙያዎች